ፎቦስ ለምን ትቀድማለች? የአንዲት የማርስ ጨረቃ ምህዋር ሲሰላ

ማርስ ሁለት ትንንሽ ጨረቃዎች አሏት። ቀረብ ያለችው ፎቦስ ትባላለች፤ ራቅ ያለችው ዳይሞስ። ይህ የጉዳይ ጥናት ፎቦስን ከ1877 ጀምሮ ይከተላል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ባጭሩ ይህ ነው። ፎቦስ በየትኛው ሰዓት የት እንደምትገኝ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ግን ዓመታት ባለፉ ቁጥር ፎቦስ ከተሰላላት ቦታ ቀድማ ትገኛለች። ዛሬ በምናውቀው ልክ፣ ልዩነቱ በ100 ዓመት 16 ደቂቃ ገደማ ነው። በዚህች ልዩነት የተነሳ አንድ ስመ ጥር ሳይንቲስት ፎቦስ ውስጧ ባዶ ናት፣ ምናልባትም የሠራት አለ እስከ ማለት ደርሷል። በኋላ ግን ያችው ልዩነት የማርስን ውስጥ ለማወቂያ መሣሪያ ሆነች። ልዩነቱ ከመጀመሪያውም እውነት ነበር። የተሳተው ምክንያቱ ነው።

ዋሽንግተን፣ ኦገስት 1877

በዚያ ወር ማርስ ለምድር በጣም ቀርባ ነበር። አሳፍ ሆል የሚባል የ47 ዓመት የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዋሽንግተን ውስጥ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የከዋክብት መመልከቻ ይሠራ ነበር። የቴሌስኮፑ ሌንስ 66 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነበረው። በሌንስ ከሚሠሩት ቴሌስኮፖች መካከል በጊዜው ከዓለም ትልቁ ነው።

ያኔ ማርስ ጨረቃ እንዳላት አይታወቅም ነበር። ሌሎች ፈልገው አጥተዋል። ችግሩ የጨረቃዎቹ ማነስ ብቻ አይደለም። ማርስ ራሷ ደምቃ ታበራለች። ፎቦስ ደግሞ ከማርስ ጠርዝ የምትርቀው ቢበዛ የማርስን የራሷን ስፋት እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ደብዛዛዋ ነጥብ በፕላኔቷ ብርሃን ትዋጣለች። ሆል መላ ዘየደ። ማርስን ከእይታው ትንሽ ወደ ውጪ አስወጣትና ዙሪያዋን ብቻ መፈተሽ ጀመረ።

መጀመሪያ ምንም አላገኘም። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል እንዲቀጥል የገፋፋችው ባለቤቱ አንጀሊን ስቲክኒ ናት። አንጀሊን ሒሳብ አዋቂ ነበረች፤ ሲተዋወቁም መምህርቱ ነበረች። ዛሬ በፎቦስ ላይ ያለው ትልቁ ጉድጓድ፣ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው፣ ስቲክኒ ይባላል። ይገባታል።

ኦገስት 11 ሌሊት ሆል ከማርስ አጠገብ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ አየ። ዳይሞስ ነበረች። ከዚያ ደመና ጥቂት ቀን አስቸገረው። ኦገስት 17 ደግሞ ለማርስ ይበልጥ የቀረበች ሌላ ነጥብ አገኘ። ይቺ ፎቦስ ናት።

ነገሩ የተወሳሰበው ከዚህ በኋላ ነው። ፎቦስ በአንድ ሌሊት አንዴ በማርስ በዚህ በኩል፣ ጥቂት ሰዓት ቆይታ ደግሞ በወዲያ በኩል ትታያለች። ሆል ሁለት ወይም ሦስት የተለያዩ ጨረቃዎች ያሉ መሰለው። እንዲህ ማሰቡ አይፈረድበትም። እስከዚያ ቀን የሚታወቁት ጨረቃዎች በሙሉ ፕላኔታቸው በዛቢያው ከሚሽከረከርበት ፍጥነት ቀስ ብለው ነበር የሚዞሩት። እናም ኦገስት 20 ሌሊቱን ሙሉ ሲከታተል አደረ። ጨረቃዋ አንዲት ብቻ ናት። ማርስ በዛቢያዋ አንዴ ለመሽከርከር 24 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ይፈጅባታል። ፎቦስ ግን ማርስን ዞራ የምትጨርሰው በ7 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ነው። በማርስ አንድ ቀን ከሦስት ዙር በላይ ማለት ነው። ማርስ ላይ ቆሞ ለሚያያት ሰው ፎቦስ በምዕራብ ወጥታ በምሥራቅ ትጠልቃለች።

ይህን ልብ በሉ። የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ምህዋር እንዴት ይሰላል?

መሠረቱ የኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ነው። ኬፕለር ያገኘው ፕላኔቶች ፀሐይን ሲዞሩ አይቶ ነው። ኒውተን ደግሞ ይህ ሕግ ከስበት ኃይል እንደሚመነጭ፣ ለጨረቃዎችም እንደሚሠራ አሳየ። ሕጉ እንዲህ ይላል። አንዲት ጨረቃ ከፕላኔቷ መሐል ያላትን ርቀት ሦስት ጊዜ አባዙት፤ ማለትም ርቀት በርቀት በርቀት። አንድ ዙር የሚፈጅባትን ጊዜ ሁለት ጊዜ አባዙት፤ ጊዜ በጊዜ። ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። አንድን ፕላኔት ለሚዞሩ ጨረቃዎች ሁሉ ውጤቱ አንድ ዓይነት ነው።

ካልኩሌተር ያለው ሰው አሁኑኑ ሊሞክረው ይችላል። ፎቦስ ከማርስ መሐል 9,376 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ዙሯ 7.654 ሰዓት ነው። ዳይሞስ 23,460 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ዙሯ 30.3 ሰዓት ነው። ሁለቱም ጋ መልሱ 14.07 ቢሊዮን አካባቢ ይመጣል። አንዷ ከሌላዋ ሁለት እጥፍ ተኩል ትርቃለች፣ ዙሯም አራት እጥፍ ይረዝማል፤ ቁጥሩ ግን አንድ ነው። ይህን በገዛ እጅ ሠርቶ ማየት ደስ ይላል።

ቁጥሩ ጌጥ አይደለም። በውስጡ የማርስ ክብደት አለ። ርቀቱን ወደ ሜትር፣ ጊዜውን ወደ ሰከንድ ቀይሩና ውጤቱን በ39.48 አባዙት፤ ይህ ፓይ በፓይ ሲባዛ፣ ከዚያ በ4 ሲባዛ የሚመጣው ነው። ከዚያ ለኒውተን የስበት ቁጥር አካፍሉት። የማርስ ክብደት 6.42 ሲባዛ በ10 አርቢ 23 ኪሎ ግራም ሆኖ ይወጣል። የምድር አንድ ዘጠነኛ ገደማ ነው።

ለሆል ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ከእሱ በፊት የማርስን ክብደት ለማወቅ የነበረው መንገድ፣ ማርስ ሌሎች ፕላኔቶችን ምን ያህል ከመንገዳቸው እንደምታናጋ መመርመር ነው። ያ የረጅም ዓመታት ምልከታና አድካሚ ስሌት ይጠይቃል። ሆል ጨረቃዎቹን ተጠቅሞ ማርስ ከፀሐይ 3,093,500 ጊዜ እንደምትቀል አሰላ። ዛሬ መንኩራኩሮች የሰጡን ቁጥር 3,098,700 ገደማ ነው። ልዩነቱ ከአንድ መቶኛ ሩብ እንኳን አይሞላም።

የኬፕለር ሕግ ግን መነሻ ብቻ ነው። ፕላኔቷ ፍጹም ክብ ከሆነች፣ ሌላም የሚስብ ነገር ከሌለ፣ ጨረቃዋ ለዘለዓለም አንድ ዓይነት ሞላላ መንገድ ትከተል ነበር። ማርስ ግን በወገቧ ትንሽ ወጣ ያለች ናት። ፎቦስ ደግሞ በጣም ቅርብ ስለሆነች ይህ በደንብ ይሰማታል። የምህዋሯ አቀማመጥ በየቀኑ 0.44 ዲግሪ ገደማ ይዞራል፤ በ2 ዓመት ከ3 ወር ገደማ አንድ ሙሉ ዙር ይጨርሳል። የፀሐይ ስበትም የራሱን ትንሽ ጫና ያደርጋል። ጥሩ ሰንጠረዥ ለማዘጋጀት እነዚህ ሁሉ አንድ በአንድ መጨመር አለባቸው። ስሌቱ ከተሠራ በኋላ ሥራው ቴሌስኮፑ ካየው ጋር ማስተያየት ነው። የሚቀረው ልዩነት ነው ወሬ የሚያወጣው።

ሻርፕለስ ያየው ልዩነት

በ1945 በዚያው በባሕር ኃይል መመልከቻ የሚሠራው ቤቫን ሻርፕለስ ከ1877 እስከ 1941 የተሰበሰቡ ምልከታዎችን አንድ ላይ አድርጎ መረመረ። መረጃው የተሟላ አልነበረም። ማርስ ለምድር የምትቀርበው በየ26 ወሩ ገደማ ነው። በመሐል ፎቦስን ማየት አዳጋች ነው። በታየችበት ጊዜም ቦታዋን በትክክል መለካት በማርስ ብርሃን ምክንያት ያስቸግራል።

ያም ሆኖ ሻርፕለስ አንድ ነገር አገኘ። ፎቦስ እየፈጠነች ነው።

እንዲህ ያለ ለውጥ እንዴት ይታወቃል? ዛሬ ባለን ቁጥር እናስላው። የፎቦስ ዙር በየዓመቱ በ0.17 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያጥራል። በ100 ዓመት 17 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ይህን በአንድ ዙር ላይ መለካት በዚያ ዘመን አይታሰብም። ነገር ግን ፎቦስ በ100 ዓመት ውስጥ 114,500 ጊዜ ገደማ ትዞራለች። የዙሮቹ እጥረት በአማካይ 8.5 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሁለቱን አባዙ። 973 ሰከንድ ይመጣል፤ 16 ደቂቃ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፎቦስ 2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። እሱ ደግሞ በቴሌስኮፕ ይታያል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ፎቦስ የቀደመችው መጀመሪያውኑ የዙሯ ጊዜ በትክክል ስላልተለካ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ልዩነቱ የሚያድግበትን መንገድ በማየት ነው። የዙሩ ጊዜ ስህተት ከሆነ፣ ዓመቱ እጥፍ ሲሆን ልዩነቱም እጥፍ ይሆናል። ጨረቃዋ በእርግጥ እየፈጠነች ከሆነ ግን፣ ዓመቱ እጥፍ ሲሆን ልዩነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሻርፕለስ የፈለገው ይህን ሁለተኛውን ነው። ያገኘው ቁጥር ዛሬ ከምናውቀው አንድ እጥፍ ተኩል ገደማ ይበልጣል። በነበረው መረጃ እዚያ መድረሱ ራሱ የሚደነቅ ነው።

የሚፈጥን ነገር ለምን ይወድቃል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ፎቦስ እየፈጠነች ከሆነ ከማርስ መራቅ አልነበረባትም?

የለም። በምህዋር ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አንድ ነገር ጨረቃዋን ወደ ኋላ ሲጎትታት ጉልበቷን ታጣለች። ጉልበት ስታጣ ወደ ፕላኔቷ ዝቅ ትላለች። ዝቅ ስትል ስበቱ ይበረታል፣ መንገዱም ያጥራል፤ ስለዚህ ዙሯን ቶሎ ትጨርሳለች። ወደ ኋላ የተጎተተች ጨረቃ ወደ ፊት ቀድማ ትገኛለች። የኬፕለርም ሕግ ይህንኑ ይላል፤ ርቀቱ ሲያንስ ዙሩ ያጥራል። የሻርፕለስ ግኝት ሲተረጎም ፎቦስ ወደ ማርስ እየወረደች ነው ማለት ነው። የቀረው ጥያቄ የሚጎትታት ማን ነው የሚለው ነው።

ሽክሎቭስኪና ባዶዋ ጨረቃ

በ1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን አመጠቀች። ስፑትኒክ ምድርን ሲዞር ሳሳ ያለው የላይኛው አየር እየጎተተው ዝቅ አለ፣ ዙሩም እያጠረ ሄደ። በጃንዋሪ 1958 ወደ ከባቢ አየር ገብቶ ተቃጠለ። በዚያ ሰሞን የአየር ጉተታን ማስላት ትኩስ ሥራ ነበር።

የሶቪየቱ የሥነ ፈለክ ሊቅ ኢዮሲፍ ሽክሎቭስኪ በ1950ዎቹ መጨረሻ የፎቦስን ጉዳይ በዚህ ዓይን አየው። ፎቦስን የሚጎትታት የማርስ የላይኛው አየር ቢሆንስ? ችግሩ ፎቦስ ከማርስ ወለል 6,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗ ነው። እዚያ ያለው አየር የለም የሚባል ያህል ነው። ተራ የድንጋይ ክምር በዚህ አየር ያን ያህል ሊጎተት አይችልም። ሊጎተት የሚችለው ሰፊ ሆኖ በጣም ቀላል የሆነ ነገር ብቻ ነው። ሽክሎቭስኪ ስሌቱን ሲገፋበት የፎቦስ እፍጋት ከውሃም እጅግ ያነሰ መሆን ነበረበት። እንዲህ ያለ ድንጋይ የለም። ስለዚህ ፎቦስ ውስጧ ባዶ መሆን አለባት አለ። በተፈጥሮ ባዶ የሆነ ጨረቃ ደግሞ አይታወቅም። እናም ሰው ሠራሽ፣ ይልቁንም የማርስ ነዋሪዎች የሠሯት ልትሆን ትችላለች የሚለውን ሐሳብ አቀረበ።

ሽክሎቭስኪ ተራ ሰው አልነበረም። በሬዲዮ ሥነ ፈለክ የተከበረ ሥራ ያለው ሳይንቲስት ነው። የስሌቱም ሰንሰለት ከመነሻው ተነስቶ ሲታይ ይያያዛል። ጉተታው ከአየር ከሆነ ፎቦስ ቀላል ናት፤ ቀላል ከሆነች ባዶ ናት። በእኔ እይታ ደካማው ቀለበት የመጀመሪያው ነው። ጉተታው የግድ ከአየር መምጣት አልነበረበትም።

ሌላው ተጠርጣሪ የታወቀ ነበር። በምድር ላይ ባሕር ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የጨረቃ ስበት ነው። ይህ ስበት የሚፈጥረው ፍትጊያ የጨረቃችንን ምህዋር እንደሚቀይር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። ግን በምድር ላይ አብዛኛው ፍትጊያ የሚፈጠረው በውቅያኖሶች፣ በተለይም ጥልቀት በሌላቸው ባሕሮች ውስጥ ነው። ማርስ ባሕር የላትም። ደረቅ ድንጋይ ብቻውን ይህን ያህል ፍትጊያ ይፈጥራል ብሎ ማመን ከበደ። በዚያ ላይ የሻርፕለስ ቁጥር ከፍ ያለ ስለነበር የሚፈለገው ፍትጊያ ከእውነተኛው በልጦ ታየ።

መንኩራኩሮቹ ሲደርሱ

በኖቬምበር 1971 ማሪነር 9 ማርስ ደረሰች። ሌላን ፕላኔት በመዞር የመጀመሪያዋ መንኩራኩር ናት። የፎቦስን ፎቶ ላከች። ፎቦስ ቅርጿ የተዛባ፣ በጉድጓድ የተሞላ የድንጋይ ክምር ሆና ተገኘች። ርዝመቷ 27 ኪሎ ሜትር፣ በአጭሩ በኩል ደግሞ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የብረት ቆርቆሮም፣ የማርስ ነዋሪ እጅም አልታየም።

ፎቶ ግን ክብደት አይነግርም። በ1977 ቫይኪንግ 1 ወደ ፎቦስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጠጋች። የፎቦስ ስበት የመንኩራኩሯን ፍጥነት በጥቂቱ ቀየረ። ያ ለውጥ በሬዲዮ ምልክቷ ላይ ተነበበ። ከዚያ የፎቦስ እፍጋት ከውሃ ሁለት እጥፍ አካባቢ እንደሆነ ታወቀ። በማርች 2010 የአውሮፓ ጠፈር ኤጀንሲ መንኩራኩር ማርስ ኤክስፕረስ በ67 ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈችና ቁጥሩን አጠራችው። የፎቦስ እፍጋት ከውሃ 1.88 እጥፍ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። 1.88 ለጠንካራ ድንጋይ ትንሽ ነው። ተመራማሪዎቹ እንዳሰሉት ከፎቦስ ውስጥ 30 በመቶ ገደማው ክፍት ቦታ ነው። ሽክሎቭስኪ እንዳለው አንድ ትልቅ ባዶ አዳራሽ አይደለም። በድንጋይና በድንጋይ መሐል የተበታተነ ክፍተት ነው። ዛሬ በፎቦስ ላይ ሻርፕለስም ሽክሎቭስኪም በስማቸው የተሰየመ ጉድጓድ አላቸው።

አንድ ሚሊ ሜትር የማትሞላ እብጠት

ታዲያ የሚጎትታት ማን ነው? ማርስ ራሷ ናት።

ፎቦስ በስበቷ የማርስን ወለል ወደ ራሷ ትስባለች። በዚህ ምክንያት ከፎቦስ በታች ያለው የማርስ ወለል ትንሽ ያብጣል። ትንሽ ስል በእውነት ትንሽ ነው። ሲሰላ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ማርስ ፍጹም የምትለጠጥ አካል ብትሆን እብጠቱ ሁልጊዜ ልክ ከፎቦስ በታች ይሆን ነበር። ግን የማርስ ድንጋይ ለመለጠጥም ለመመለስም ይዘገያል። ፎቦስ ደግሞ ማርስ በዛቢያዋ ከምትሽከረከረው በላይ ፈጣን ናት። ስለዚህ እብጠቱ እስኪነሳ ፎቦስ ቀድማ ሄዳለች። እብጠቱ ሁልጊዜ ከኋላዋ ይቀራል፤ ከኋላ ሆኖም በስበቱ ይጎትታታል። መዘግየቱ አንድ ሦስተኛ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው።

የሆል የዚያ ሌሊት ግኝት እዚህ ላይ ነው ወሳኝ የሚሆነው። ፎቦስ ከማርስ ቀን ይልቅ ቀስ ብላ ብትዞር ኖሮ እብጠቱ ከፊቷ ይሆንና ወደ ፊት ይስባት ነበር። ያኔ ትርቅ ነበር። የእኛ ጨረቃ የሚገጥማት ይህ ነው፤ በዓመት 3.8 ሴንቲ ሜትር ከምድር ትርቃለች። ዳይሞስም ከማርስ ቀን ቀስ ብላ ስለምትዞር በውጪው ወገን ናት። ድንበሩ ከማርስ መሐል 20,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በታች ያለ ጨረቃ ይወርዳል፤ ከዚያ በላይ ያለው ይርቃል።

ፎቦስ በዓመት ስንት ትወርዳለች? ዛሬ የተለካው እንዲህ ነው፦ የዓመቱን ብዛት በራሱ አባዝታችሁ በ0.00127 ስታባዙት ፎቦስ ስንት ዲግሪ እንደቀደመች ይነግራችኋል። ለ100 ዓመት 12.7 ዲግሪ ይመጣል። ከዚህ የፍጥነቷን ጭማሪ ስናወጣ በዓመት ከአንድ ቢሊዮን 6.2 እጅ ይሆናል። በኬፕለር ሕግ መሠረት ርቀቱ የሚቀንሰው የዚህን ሁለት ሦስተኛ ነው። በ9,376 ኪሎ ሜትር ሲባዛ 3.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። ጨረቃችን ከምትርቀው ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ አቅጣጫው ግን ተቃራኒ ነው።

በብዙ ቦታ ፎቦስ በ100 ዓመት 1.8 ሜትር ትወርዳለች የሚል ታነባላችሁ። ከላይ ያለውን ስሌት ለሚከተል ሰው እጥፉ ነው የሚወጣው። 0.00127 የፍጥነቱ ጭማሪ ግማሽ ነው፤ ጊዜ በጊዜ ሲባዛ ከፊቱ ሁልጊዜ ግማሽ ይቀመጣል። ይህን ግማሽ ረስቶ ቁጥሩን እንደ ሙሉ ጭማሪ የወሰደ ሰው 1.9 ሜትር ገደማ ያገኛል። የተነገረውን ከመድገም ራስ ሠርቶ ማረጋገጥ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ጥያቄውን እንገልብጠው። የፎቦስን መቅደም ካወቅን፣ የማርስ ውስጥ ምን ያህል ፍትጊያ እንደሚፈጥር ማወቅ እንችላለን። መንኩራኩሮችን በሬዲዮ በመከታተል ማርስ ለስበት ምን ያህል እንደምትለጠጥ ታውቋል። የመለጠጧ ልክ መሐሏ ቀልጦ ፈሳሽ እንደሆነ ይጠቁማል፤ ማርስ ላይ ያረፈችው ኢንሳይት የመሬት መንቀጥቀጥን አድምጣ ይህንኑ አረጋግጣለች። ሁለቱን ቁጥሮች፣ የመለጠጧን ልክና የፎቦስን መቅደም፣ አንድ ላይ ስናደርግ በእያንዳንዱ የእብጠት ዙር ከሚከማቸው ጉልበት ከ6 እስከ 8 በመቶው በፍትጊያ ወደ ሙቀት እንደሚቀየር እናገኛለን። ባሕር የሌላት ፕላኔት፣ ድንጋይዋ ብቻ፣ ይህን ሁሉ ትሠራለች። በ1950ዎቹ ለማመን የከበደው ይህ ነበር።

የፎቦስ ቀሪ ዕድሜ

በዓመት 3.8 ሴንቲ ሜትር እየወረደች 6,000 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሚፈጅባት ይመስላል። እንዲህ አይደለም። እየቀረበች ስትሄድ እብጠቱ ያድጋል፣ ጉተታውም በጣም ይበረታል። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የምትወርድበት ፍጥነት ከ40 እጥፍ በላይ ይሆናል። ይህ ሲታሰብ የቀራት ጊዜ ከ30 እስከ 50 ሚሊዮን ዓመት ነው።

ወለሉ ላይ መድረሷም ያጠራጥራል። ለማርስ ስትቀርብ በቅርቡና በሩቁ ጎኗ ያለው የስበት ልዩነት ይጎትታታል። ልቅ ሆና የተከመረች መሆኗ ደግሞ ለመበታተን ያመቻታል። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ተሰባብራ በማርስ ዙሪያ ቀለበት ልትሠራ እንደምትችል አስልቷል።

ልኬቱ አሁንም እየጠራ ነው። ማርስ ላይ ያሉ ተሽከርካሪ ሮቦቶች ፎቦስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ይቀርጻሉ። በኤፕሪል 2022 ፐርሰቪራንስ የቀረጸው ማለፍ 40 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው የቆየው። ከተሰላው ሰዓት በአንድ ሰከንድ ቀድማ ከደረሰች በምህዋሯ ላይ 2 ኪሎ ሜትር ቀድማለች ማለት ነው። የጃፓን የጠፈር ኤጀንሲ ጃክሳ ደግሞ ከፎቦስ ወለል አፈር ወደ ምድር የሚያመጣ ተልዕኮ አዘጋጅቷል። አፈሩ ፎቦስ ከየት እንደመጣች፣ በማርስ የተያዘች አስትሮይድ ትሁን ወይም ከማርስ ዙሪያ ፍርስራሽ የተሠራች፣ ለመለየት ይረዳል። የቀድሞ ምህዋሯን ወደ ኋላ ለማስላትም መነሻው ያ ነው።